በክር የተለካ ትንፋሽ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣ ለማሙሽ፤

ጢሜ ሸበተ ብለህ የጻፍክልኝን አንብቤያለሁ። ቢሸብትም ማሙሽ ነህ፤ በእጄ አጥቤ ያሳደግኩትን ሰው በማዕረግ ልጠራው አልችልም። እንዴት ሰነበትክ? ያ ምድር ቤት ውስጥ ያለው የልብስ ማጠቢያ ሥራህ እንዴት ይዞሃል? ሰላምታዬ ለዚህ ወረቀት ስለሚበዛበት የተረፈውን አንተው ጨምርበት። እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ።

እሽጉ ደርሶኛል። ሰማያዊዋም ቡናማዋም ኢንሄለር ሳይሰበሩ ገብተዋል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን የምልህን ግን በክፉ አትየው፤ ከእንግዲህ ቡናማዋን ተዋትና ሰማያዊዋን ብቻ ላክልኝ። ሰማያዊዋ ቢያንስ ትንሽ ቀለል ታደርገኛለች። ቡናማዋ ግን ሙያዋ ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ብትነፋ ብትነፋ ምንም ጠብ የሚል ነገር የለም። ሦስቱ ሳይከፈቱ ከአዝራሮቼ ጋር መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል።

ፋብሪካው ያው ነው። አሁንም ማበጠሪያ ክፍል ነኝ፣ ጥጡ ተበጥሮ ባዘቶ የሚሆንበት ቤት። አለቃ ከሆንኩ አምስት ዓመት አለፈኝ፤ አለቃ ማለት ግን ከሌላው ቀድሞ ብናኝ መዋጥ ማለት ነው። ከሃያ ሁለት ሴቶች ዘጠኛችን አስም አለብን። አያታችን ለኔ እናት አስሙን፣ ለአንተ እናት ደግሞ አስሙንና ግትርነቱን አወረሰ፤ መሬቱን ግን ለማን እንደሰጠ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትደንግጥ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ በሚያዝያ የትንፋሽ ምርመራ አለ ብሎ ማስታወቂያ ለጥፏል። ቱቦ ይነፋል፣ ቁጥር ይወጣል፤ ከሁለት መቶ ሃምሳ በታች የነፋች በጤና ምክንያት ትሰናበታለች። ሠላሳ ዓመት ሠርቼ በአንድ እፍታ ልባረር ማለት ነው። ለዚህ ነው ሰማያዊዋን በርከት አድርገህ ላክ የምልህ።

የአንተ ደረትስ? ስልክ አትደውል፤ ማሽኑ ስለሚጮህ አንሰማማም። ጻፍልኝ።

እታለምህ

—

ኅዳር 6

ለእታለም፤

ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ተጨንቄ ነበር፤ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ጨመረልኝ። ይሁን። የልጅነቴን ጆሮ የጎተተው እጅሽ ሳይደክም ይኑርልኝ። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

ስለ ሥራዬ ጠየቅሽ። ሆስፒታሉ ስምንት ፎቅ ነው፤ የስምንቱም ፎቅ አንሶላ በአንድ የቆርቆሮ ቦይ ቁልቁል እየተንሸራተተ እኔ ላይ ይወርዳል። እናጥባለን፣ እናደርቃለን፣ እናጥፋለን፣ በጋሪ ሽቅብ እንልካለን። ማድረቂያው ሲከፈት ከጨርቁ የሚነሳው ጉድፍ ያንቺን ክፍል ያስታውሰኛል። አንዳንዴ አንሶላውን ገልበጥ አድርጌ፣ ይህን ክር እታለም ሳትሆን አትቀርም ያበጠረችው እላለሁ።

ሰማያዊዋን እጨምርልሻለሁ። ቡናማዋን ግን እባክሽ፣ በአክስቴ አጥንት ይዤሻለሁ፣ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጫት። እንዴት እንደማገኛት አትጠይቂኝ፤ ግን ከአዝራር ጋር የምትተኛ ዕቃ አይደለችም። ዋናዋ እሷ ናት ይላሉ። ጠዋትና ማታ ውሰጃት።

ደረቴን እንኳ ተይው፤ የዚህ አገር አየር ተስማምቶኛል። እኔም ስልክ ብደውልልሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምድር ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም እንጂ።

ማሙሽሽ

—

ኅዳር 29

ለማሙሽ፤

ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው። ከቻልክ በሩን ዝጋ፤ ብትስቅም ብታለቅስም ማንም እንዳያይህ።

ለክሊኒካችን አዲስ ሲስተር መጣችልን። ቀጭን ናት፣ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች፣ መልስ ሳታገኝ ከወንበር አትነሳም። አስም ያለብንን ዘጠኛችንን በምሳ ሰዓት ሰበሰበችን። «መድኃኒት የምትወስዱ አላችሁ?» አለችን። «አለን!» አልናት ኮራ ብለን። የላክኸውን አሳየኋት። ዓይኗ በራ። «በሉ እንዴት እንደምትወስዱ አሳዩኝ።»

አሳየናት። አፋችን ላይ የምናስረውን ሻርፕ ፈታን፣ ውሃ ነከርነው፣ ጨመቅነው፣ ኢንሄለሩን ጨርቁ ላይ ሦስቴ ነፋን፣ ሻርፓችንን መልሰን አሰርን። እኔማ አለቃ ስለሆንኩ ለሁሉም በየተራ ነፋሁላቸው።

ሲስተር የጥጥ ከረጢት ላይ ዝርፍጥ ብላ ቁጭ አለች። መጀመሪያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆመና እንባው ብቻ ቀረ። «ስንት ጊዜ ሆናችሁ?» አለች። «ሁለት ዓመት» አልኳት። «ማን አስተማራችሁ?» ማንም አላስተማረንም። ብናኙ የሚገባብን በጨርቁ በኩል ነው፣ መድኃኒቱም በዚያው ይግባ ብለን ነው። ስናስበው ልክ ነበር! ማሙሽዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የላክህልኝን ለሻርፕ አጠጣሁት። በዚህ ከተማ እንደኛ ሻርፕ ጤነኛ ሻርፕ የለም።

በኋላ አሳየችን። የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ትወስዳለህ፤ ቂጡን በጋለ ሽቦ ትበሳና ኢንሄለሩን ትሰካበታለህ፤ የጠርሙሱን አፍ በከንፈርህ ትይዛለህ። አንዴ ትጫነዋለህ፣ ቀስ ብለህ ትስባለህ፣ አስር እስክትቆጥር ትንፋሽህን ይዘህ ትቆያለህ። ጠርሙሱ የየራስ ነው፣ አይዋስም። ሰማያዊዋ እሳት ሲነሳ የምታጠፋ ናት፤ ቡናማዋ እሳቱ ከመጀመሪያው እንዳይነሳ የምትጠብቅ ናት፤ ሥራዋ ዕለቱን አይታይም፣ ግን ዋናዋ እሷ ናት። አንተም ይህንኑ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁህ።

አንድ ነገር ግን አናደደኝ። ቡናማዋ እዚሁ ከተማ ውስጥ አለች! የጤና ጽሕፈት ቤቱ መጋዘን ውስጥ በካርቶን ተደርድራ ተቀምጣለች፤ ሕጻናት በነፃ ይወስዷታል። ሲስተር ለኛ ብትጠይቅ የመጋዘኑ ሹም ወረቀቱን በጣቱ እየመታ «ዝርዝሩ ከአስራ አራት ዓመት በታች ይላል» አላት። ይህ ሰው ከዝርዝሩ ውጭ ቃል አይናገርም፤ እኛም ስሙን አቶ ዝርዝር አልነው። እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ከአስራ አራት በታች ለመሆን ትንሽ አርፍጃለሁ።

እና መሳቢያዬን ከፈትኩ። ሦስቱን ቡናማዎች አወጣሁ። ሦስት ለዘጠኝ ሰው ሦስት ሳምንትም አትሞላ፤ ለሦስት ሰው ግን ስምንት ሳምንት ትዘልቃለች አለች ሲስተር። ዘጠኛችንም ሲስተር ያመጣችውን ቱቦ ነፋን፤ ቁጥራቸው ከሁሉም ያነሰ ሦስቱ ይውሰዱ ብለን ተስማማን። ዝምተኛዋ የምንላት አለች፣ ምሕረቱን ያውርድላትና መቶ ሃምሳ ነፋች። እሷና ሌሎች ሁለት ጀምረዋል። እኔ ደህና ነኝ፤ ስለኔ አታስብ።

ጽፈህ ላክልኝ። ከሳቅክብኝም ሳቅብኝ።

እታለምህ

—

ጥር 16

ለማሙሽ፤

ይህ ካለፈው በኋላ ሁለተኛ ደብዳቤዬ ነው፤ የመጀመሪያው አጭር ስለነበረ ምናልባት መንገድ ላይ ወድቆ ይሆናል። ከአንተ ግን አንድም አልመጣ። መድኃኒቱን በሻርፕ አባከንሽው ብለህ ተቆጥተህ ይሆን? ተቆጣኝ፣ ግን ጻፍልኝ። በተቆጣ ደብዳቤ ላይ እንኳ የእጅህን ጽሑፍ ባየው ይበቃኛል።

እስከዚያ የኛን ልንገርህ። ሲስተር በየቀኑ ንፉና ቁጥሩን መዝግቡ አለችን። ከዘጠኛችን አራታችን ብቻ ነን መጻፍ የምናውቅ፤ ክር መለካት ግን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ሰፊ ሳንቃ አምጥተን በራፉ አጠገብ አቆምን፤ ለየአንዳንዷ አንዳንድ ረድፍ ምስማር መታን። አንድ መቶ ማለት አንድ ስንዝር ነው። የማን ስንዝር እንደሆነ ጠብ ሊነሳ ነበርና፣ ከሁላችን የምታጥረው፣ ድንቢጥ የምንላት፣ ስንዝሯ ይሁን ተባለ። ድንቢጥ ይኸው በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁመቷ ለመለኪያ ተፈለገ። ሁለት ስንዝር ተኩል ላይ፣ ማለትም ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ፣ ቀይ ክር በአግድም ወጥረናል። ከሱ በታች ያለች ተሰናባች ናት።

በየጠዋቱ እንነፋለን፣ ነጭ ክር እንቆርጣለን፣ ምስማሩ ላይ እንሰቅላለን። እሑድ አርፈን ሰኞ ስንገባ ብናኙ እንደ አዲስ ይቀበለናልና የማክሰኞ ጠዋት ክር ሁሌ ያጥራል። ሲስተር ይህን ስታይ በግርምት ጭንቅላቷን ያዘች፤ እኛ ግን ሠላሳ ዓመት ስናውቀው ኖረናል፣ የጠየቀን ሰው አልነበረም እንጂ።

መድኃኒቱን ስንወስድ ደግሞ ማሽኑ ስለሚጮህ በምልክት ሆነናል። አውራ ጣትን ወደ አፍ ማድረግ «ወሰድሽ ወይ?» ማለት ነው፤ አስር ጣትን አንድ በአንድ ማጠፍ «ትንፋሽሽን ያዢ» ማለት ነው። ከወዲያኛው ማሽን ድንቢጥ ጣቷን ስታጥፍ እዚህ ያለችው ጉንጯን ነፍታ ትቆማለች።

አሁን የምሥራቹን ስማ። የሦስቱ ክር እያደገ ነው! ዝምተኛዋ ከአንድ ስንዝር ተኩል ተነስታ ሁለት ስንዝር አልፋለች። ሌሎቹ ሁለቱ ቀዩን ክር ተሻግረዋል። ያልወሰድነው ስድስታችን ግን ባለንበት ነን። ሳንቃውን ከሩቅ ያየ ሰው ሦስቱን ረድፍ ሳይነገረው ይለያቸዋል።

አንድ ነገር ደብቄህ ነበር። ቁጥር ሲወጣ እኔ ከመጨረሻ አራተኛ ነበርኩ። ክሬ ሁለት ስንዝር ከሁለት ጣት ነው፤ ከቀዩ በታች። ስልክ አትደውል ያልኩህ ማሽኑ ስለሚጮህ አልነበረም። ደረቴ ሲያፏጭ እንዳትሰማ ነው።

ይኸው አልኩት። አሁን አንተ ጻፍ።

እታለምህ

—

የካቲት 8

ለእታለም፤

ይቅርታሽን ሳላገኝ ሰላምታ ልጀምር አልችልም። ይቅር በዪኝ። አልተቆጣሁም። ታምሜ ነበር።

ሁለቱ ረጃጅም ደብዳቤዎችሽ አንድ ላይ ደረሱኝ፣ አልጋ ላይ፤ አጭሯ መንገድ ላይ ቀርታለች። የሻርፑን ነገር ሳነብ እንደዚያ ሳቅኩና ነርሷ ሮጣ መጣች። ከዚያ «ሦስቱ መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል» ያልሽው የጥቅምቱ ደብዳቤ ትዝ አለኝና ሳቁ ጠፋብኝ።

እኔም ልናገር። ቡናማዋ የኔ ናት እታለም። ለኔ በየወሩ ከመድኃኒት ቤት የምትሰጠኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳለች ለአንቺ ልኬ ራሴ በሰማያዊዋ ኖሬያለሁ። አንቺ ብናኝ ውስጥ ነሽ፣ እኔ ንጹሕ አገር ነኝ ብዬ። ንጹሕ አገር! ከሁለት ማድረቂያ መሀል ቆሜ የማላውቀው ሰው የትራስ ጉድፍ ስስብ እውላለሁ። ምድር ቤት ውስጥ ኔትወርክ አለ። እኔም እንዳታደምጪኝ ነበር።

በጥር መጀመሪያ ጋሪ እየገፋሁ ሳለ አየሩ አለቀብኝ። በገዛ እጄ ያጠፍኩት አንሶላ ላይ ወደቅኩ። የሥራ ጓደኞቼ በዚያው ጋሪ ጭነው በዕቃ አሳንሰር ወደ አራተኛ ፎቅ አወጡኝ። ለካ የደረት ክፍል አራተኛ ፎቅ ኖሯል! ስድስት ዓመት አንሶላቸውን ሳጥብ የት እንደሚተኛበት አላውቅም ነበር።

ሐኪሟ ጎልማሳ ሴት ናት። በአስተርጓሚ «ለምንድነው አንድም ቀን ለክትትል ያልመጣኸው?» አለችኝ። ክፍሉ የሚከፈተው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ነው፤ የኔ ሥራ ከአንድ ሰዓት እስከ አስራ አንድ ነው። እኔ ደግሞ የሆስፒታሉ ሠራተኛ አይደለሁም፣ የተቋራጭ ሰው ነኝ፤ ለአንድ ቀን ከቀረሁ በቦታዬ ሌላ ይቆማል። ቅጹ አራት ገጽ ነው፣ በቋንቋቸው። ይህን ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። ቀጥላ «ከናንተ ውስጥ ይህ ሕመም ያለባቸው ስንት ናቸው?» አለች። አላውቅም አልኳት። አብረን እየሳልን ማናችንም ጠይቀን አናውቅም።

ይኸው እኔም አልኩት። አሁን እኩል ነን።

ማሙሽሽ

—

የካቲት 30

አንተ ጉደኛ፤

ሰላምታ የለህም! በእጄ ብትሆን ጆሮህን ይዤ ሁለት ዙር አዞርህ ነበር። የገዛ ትንፋሹን በፖስታ የሚልክ ሰው የት አገር ታይቷል? ያውም ለሻርፕ! ደብዳቤህን ሳነብ አለቀስኩ፣ ተሳደብኩ፣ እንደገና አለቀስኩ፤ ድንቢጥ ሰው የሞተብኝ መስሏት ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ ደረሰች።

ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ኢንሄለር እንዳትልክልኝ። ብትልክ ሳልከፍት እመልሳታለሁ። ቡናማዋን ጠዋትና ማታ፤ በጠርሙስ፤ ቀስ ብለህ፤ እስከ አስር። ከዚያ አፍህን ተጉመጥመጥ። ሲስተር ይህን ሁለቴ ጻፊለት ብላኛለች፤ ይኸው፤ አፍህን ተጉመጥመጥ።

አሁን ቁጣዬ ስለበረደልኝ የሆነውን ልንገርህ፤ ምክንያቱም ቡናማህን ከእንግዲህ የማልፈልገው ተቆጥቼ ብቻ አይደለም።

የላክኻት ሦስት ቡናማ በጥር መጨረሻ አለቀች። ካለቀች በኋላ የዝምተኛዋ ክር በየቀኑ ሲያጥር ዓይናችን እያየ ነው። ሲስተር ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ሁለት ደብዳቤ ጻፈች፣ መልስ የለም። ሦስተኛ ልትጽፍ ስትል «ተይው» አልኳት። «ወረቀት አይተው አይተው ሰልችቷቸዋል። ሳንቃውን እንውሰድላቸው።»

ከፈረቃ ስንወጣ የሥራ ልብሳችንን እንደለበስን፣ ፀጉራችን ላይ ጥጥ እንደተጣበቀ፣ ሳንቃውን ከግድግዳ ነቅለን ተሸከምነው። ዘጠኝ ሴቶች። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየን። አንዱ «የሚሸጥ ነው?» አለን። ድንቢጥ «ዋጋውን አትችለውም!» አለችው። መሀል መንገድ ላይ ትንፋሽ አጥሮን ሦስት ጊዜ አረፍን፤ ሰማያዊዋንም የወሰድነው እየተነጣጠቅን ሳይሆን በየጠርሙሳችን፣ በሥርዓት።

ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ማን ይቀበለን? አቶ ዝርዝር። «ዝርዝሩ ላይ...» ብሎ ሳይጨርስ ኃላፊው ጫጫታ ሰምተው ወጡ። ወፍራም፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሰው ናቸው። ሳንቃውን ሲያዩ መነጽሩን አወረዱት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ትንፋሻችን ነው ጌታዬ» አልኳቸው።

አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ይህች ማክሰኞ ናት፤ ይህ ቀይ የመባረሪያ ድንበር ነው፤ እነዚህ ስድስቱ ያልወሰዱ ናቸው። በጣታቸው ክሩን እየነኩ ሄዱና ሦስቱ ረድፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጣታቸው ሽቅብ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ታች።

«እዚህ ጋ ምን ሆነው ነው የወረዱት?»

«መድኃኒቱ አለቀ።»

«እነዚህ ሦስቱ ልጆች ናቸው?» አሉ። እውነታቸውን ነው የጠየቁት፤ ዝርዝሩን ያወጡት እሳቸው ናቸውና።

ዝምተኛዋ ወደፊት ወጣች። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አምስት የልጅ ልጆች አሏት። ከረድፏ ጎን ቆመች። ኃላፊው እሷን አዩ፣ ሳንቃውን አዩ፣ አቶ ዝርዝርን አዩ። «ይህ መድኃኒት ስንት ካርቶን አለን?» «አርባ አንድ ጌታዬ። አስራ ሰባቱ በሰኔ ጊዜያቸው ያልፋል፤ ግን ዝርዝሩ...» «ዝርዝሩን አምጣው።» አመጣ። እዚያው የሳንቃችን ጠርዝ ላይ አስደግፈው ከአስራ አራት ዓመት በታች የሚለውን ሰርዘው፣ በላዩ ላይ «ለማንኛውም ዕድሜ» ብለው ጻፉና ፈረሙ።

ማሙሽ፣ አቶ ዝርዝር ራሱ ካርቶኑን ተሸክሞ ተከተለን! በየመንገዱ «አሁን ዝርዝሩ ላይ አላችሁ» ይል ነበር፤ ደስ ብሎት ነው መሰለኝ። ለኛ ብቻ አይደለም፤ ለዳቦ ጋጋሪዎቹ፣ ለአናጢዎቹ፣ ለጠራጊዎቹም ነው። በሚቀጥለው ቀን የመጋዘኑ በር ላይ አዋቂ ሰው ተሰልፎ አየሁ።

አሁን ዘጠኛችንም ይዘናል። ምርመራው ሚያዝያ 10 ነው። ስድስት ሳምንት ነው ያለን። ፈራሁ ብልህ አታምነኝም፤ ግን ፈርቻለሁ።

እታለምህ፣ አሁንም ጆሮህን እየፈለገች

—

መጋቢት 28

ለእታለም፤

ቁጣሽ በደህና ደረሰኝ፣ ጆሮዬ እስካሁን ቀልቷል። ለሲስተር ንገሪያት፣ ተጉመጥምጫለሁ።

ወደ ሥራ ተመለስኩ፤ ሐኪሟ ለተቋራጩ ጽፋልኝ ቦታዬ ጠብቆኛል። የሄድኩ ዕለት ከመቆለፊያ ሳጥኔ ጎን ካርቶን ለጠፍኩ፣ ምስማር በሌለበት መርፌ ቁልፍ ሰካሁ፣ ከተቀደደ አንሶላ ክር መዘዝኩ። ስንዝሩ የኔ ነው፤ ድንቢጥን ከየት ላምጣት። ሐኪሟ የሰጠችኝን ቱቦ ነፋሁና ክሬን ሰቀልኩ።

እዚህ ከሰባት አገር የመጣን አስራ አንድ ሰዎች ነን። የጋራ ቋንቋችን «እሺ»ና «ቶሎ» ናት፤ እሷንም ማሽኑ ይውጣታል። ስለዚህ ያንቺን ምልክት ተጠቀምኩ። አውራ ጣት ወደ አፍ፤ አስር ጣት አንድ በአንድ። መጀመሪያ አበደ ብለው አዩኝ። በሦስተኛው ቀን ከማድረቂያው ወዲያ የሚሠራው ጎምላላ ሰውዬ፣ ስድስት ዓመት ስንተዋወቅ ፈገግ ሲል አይቼው የማላውቀው፣ ዙሪያውን አይቶ ከኪሱ ሰማያዊዋን አወጣና አሳየኝ። ቀጥላ አንሶላ አጣፊዋ። ቀጥሎ ሌላ። አራት ነበርን እታለም! አራት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ተደባብቀን እናፏጭ ነበር።

ካርቶኑን ለሐኪሟ አሳየኋት። ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ፎቶ አነሳችው። ያንቺንም ነገር ነገርኳት። «ይህን ያሰበችው እህትህ ሐኪም ናት?» አለች። «የጥጥ አበጣሪ ናት» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ፤ አሁን ይነፋልኛላ።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ በአስራ አንድ ሰዓት፣ ፈረቃ ሲቀየር፣ እሷው ቱቦዋን ይዛ ወደ ምድር ቤት ትወርዳለች። ቅጹን አስተርጓሚው በቃል ይሞላዋል። የተቋራጩ ሰው መጀመሪያ አጉረምርሞ ነበር፤ እሷ ምን እንዳለችው አላውቅም፣ አሁን ወንበር የሚያቀርብላት እሱ ነው።

ይህ ደብዳቤ ከምርመራሽ በፊት አይደርስም። እኔ ግን ሚያዝያ 10 ቀኑን ሙሉ ጣቴን እያጠፍኩ እውላለሁ።

ማሙሽሽ

—

ሚያዝያ 16

ለማሙሽ፣ ለኩራቴ፤

ተቀመጥ አልልህም። ቆመህ አንብበው!

ሥራ አስኪያጁ ወንበርና ጠረጴዛ አስመጥቶ ማበጠሪያ ክፍሉ በር ላይ ተቀመጠ። እሱ ሲስተር ታነባለች፣ ጸሐፊው ይመዘግባል ብሏል። ሌሎቹን ሴቶች አሳለፈና ወደ ዘጠኛችን መጣ። ድንቢጥ ሁለት መቶ ሰማንያ። ሁለተኛዋ ሦስት መቶ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት አለፉ። እኔ ተነሳሁ። ማሽኑ ይጮሃል። ቀና ስል ድንቢጥ ከማዶ ጣቷን ታጥፋለች፣ ለመንፋት እንኳ አያስፈልግም፣ ግን ታጥፋለች። ነፋሁ።

ሦስት መቶ ሠላሳ! ሲስተር ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ጮኻ አነበበችው፤ በማሽኑ ጩኸት መሀል ሰማኋት።

ከኔ ቀጥሎ ያለችውም አለፈች። ዝምተኛዋ ግን ሦስቴ ነፍታ ከሁለት መቶ አርባ አላለፈም። ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ።

እኔ ምን እንደያዘኝ እንጃ። ሄድኩና የማበጠሪያውን ማሽን አጠፋሁት። ድንቢጥ የሷን አጠፋች። ሃያ ሁለታችንም አጠፋን። በሠላሳ ዓመቴ ያ ክፍል በሥራ ሰዓት ጸጥ ብሎ አላውቅም። ሥራ አስኪያጁ ደንግጦ ተነሳ። «ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ስማን» አልኩት። «አንተ ይህን ክፍል ሰምተኸው አታውቅም። ማሽኑን ነው የምትሰማው።»

ያኔ ዝምተኛዋ አፏን ከፈተች። አስራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። «ከመቶ ሃምሳ ነው የመጣሁት» አለችው። «ዘጠና ጨምሬአለሁ። መድኃኒቱን ያገኘሁት በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ መሀል ላይም አልቆብኝ ነበር። የቀረኝ አስር ነው፤ ጊዜ ስጠኝ፣ እሱንም እጨምራለሁ። አንተ ግን ጣሪያው ላይ ያለውን ብናኝ መምጠጫ መቼ ነው የምታሠራው? ከተበላሸ አራት ዓመቱ ነው።» ይህን ሁሉ ተናግራ አንዴም አላሳላትም።

ሰውዬው ቀና ብሎ መምጠጫውን አየው። እውነቱን ለመናገር መኖሩንም የሚያውቅ አልመሰለኝም። ወደ ሳንቃችን ሄደ፤ የሷን ረድፍ ከታች ወደ ላይ በዓይኑ ተከተለው። ተመልሶ መጥቶ ጸሐፊውን «አትጻፍ» አለው።

ዝምተኛዋ ብናኝ ወደሌለበት የክር ማሸጊያ ክፍል ተዛውራለች፣ በዚያው ደመወዟ። ማንም አልተባረረም። መምጠጫው ከትናንት ወዲያ ተጠግኖ ይሠራል፤ ጣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፣ ለካ አረንጓዴ ቀለም ነው። ምርመራው በየስድስት ወሩ ይቀጥላል፣ ግን ለማሰናበት ሳይሆን ለማከም ተብሎ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ማስታወቂያውን አንብቤ ለሁሉም ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ጮክ ብዬ! ሳላርፍ!

ሲስተር በጣም ደስ አላትና አሁን ወደ ዳቦ ቤቶቹ ልትሄድ ነው፣ ድንቢጥን ለስንዝሯ ይዛ።

በዚህ ፖስታ ውስጥ አንድ ነጭ ክር አለ። የሚያዝያ 10 ክሬ ነው፤ ሦስት ስንዝር ከአራት ጣት፣ በድንቢጥ ስንዝር። ከክርህ ጎን ስቀለው። ደብዳቤህ ደርሶኝ ሃያ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የጥጥ አበጣሪ ናት ያልከውን ደግሞ ለሥራ አስኪያጁ አንብቤለታለሁ።

ከእንግዲህ ደህና ነኝ ብለህ እንዳትጽፍልኝ። በወረቀት ሁለታችንም ብዙ ዋሽተናል። ደውልልኝ። እሰማዋለሁ።

እታለምህ

—

ግንቦት 9

ለእታለም፣ ለአሸናፊዋ፤

ክሩ ደረሰ። ከፖስታው ሳወጣው ምድር ቤቱ ሁሉ ከበበኝ፤ ጎምላላው ሰውዬ በሁለት ጣቱ እንደ ወርቅ ይዞ አየውና አጨበጨበ። እነሱ ምን እንደተጻፈ አያውቁም፤ ክር ግን ያነባሉ።

ከኔው ጎን ሰቀልኩት። በሦስት ጣት በልጠሽኛል። ዕድሜሽን አክብሬ ነው እንዳትዪ፤ እስከ መስከረም እደርስብሻለሁ።

ደብዳቤሽን ይዤ ለሐኪሟ ላሳያት ወጣሁ። በዕቃ አሳንሰሩ አልሄድኩም። ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ ዘጠና ስድስት ደረጃ ነው፤ አንድ በአንድ ቆጠርኩት፣ ጮክ ብዬ። አንድ ጊዜ ብቻ ቆምኩ፤ እሱም ደክሞኝ ሳይሆን መስኮቱ ላይ ሰማዩ ሲያምር ነው። ላይ ስደርስ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰዓቷን አይታ ሳቀች።

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እደውላለሁ። ብዙ የማወራው አለኝ፤ እንዳታቋርጪኝ፣ እኔም አላቋርጥም።

ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ ጽፌልሻለሁ፤ እውነት ሆኖ የጻፍኩት ግን ዛሬ ነው።

ማሙሽሽ